ግድቡን ከፍ ሳያደርጉ ውሃውን የጨመሩት መሐንዲስ

ስለ መስኖ ልማት ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የግድቡ ቁመትና የቦዩ ርዝመት ነው። ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ማስተንፈሻ ግን እምብዛም ትኩረት አይሰጠውም። በዚህ ጽሑፍ የሕይወት ታሪካቸውን በአጭሩ የምናቀርብላችሁ ህንዳዊው መሐንዲስ ሰር ሞክሻጉንዳም ቪስቬስቫራያ ግን ስማቸው የገነነው በአንድ ማስተንፈሻ ላይ በሠሩት ሥራ ነው።

ቪስቬስቫራያ እ.ኤ.አ. በ1861 በደቡብ ህንድ፣ ዛሬ ካርናታካ በሚባለው ክልል፣ ሙዴናሃሊ በተባለች መንደር ተወለዱ። የሳንስክሪት ሊቅ የነበሩት አባታቸው ያረፉት ልጃቸው ገና ተማሪ ሳሉ ነው። ወጣቱም ባንጋሎር ከተማ የሰው ልጆች እያስጠኑ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ፑኔ በሚገኘው የሳይንስ ኮሌጅ ምህንድስና አጥንተው በ1883 በአንደኛነት ካጠናቀቁ በኋላ፣ በ1884 በቦምቤይ ግዛት የመንግሥት ሥራዎች መምሪያ በረዳት መሐንዲስነት ተቀጠሩ።

ከፑኔ አጠገብ በሙታ ወንዝ ላይ የተሠራው የካዳክዋስላ ግድብ ለከተማዋ የመጠጥ፣ ለገበሬው ደግሞ የመስኖ ውሃ ይሰጥ ነበር። በክረምት ሐይቁ ሞልቶ ትርፉ በማስተንፈሻው እየፈሰሰ ይሄዳል፤ በበጋ ውሃ ያጥራል። መቼም ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የግድቡን ግንብ ከፍ ማድረግ ብዙ ወጪ ይጠይቃል። ማስተንፈሻውን በግንብ መድፈን ደግሞ ደራሽ ጎርፍ ሲመጣ መውጫ አጥቶ በግድቡ አናት ላይ እንዲሄድ ማድረግ ነው።

እሳቸው ያገኙት መላ በማስተንፈሻው ላይ በራሳቸው የሚከፈቱና የሚዘጉ በሮችን መትከል ነበር። በሮቹን ዘግቶ የሚይዛቸው ጉድጓድ ውስጥ የተንጠለጠለ ከባድ ሚዛን ነው። ሐይቁ ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ ውሃ ወደ ጉድጓዱ ይገባል፤ ሚዛኑን ውሃው ስለሚያነሳው ክብደቱ ይቀንሳል፣ በሩም ይከፈታል። ሐይቁ ሲጎድል ጉድጓዱ ይደርቃል፣ ሚዛኑ ክብደቱን መልሶ ያገኛል፣ በሩም ይዘጋል። ጎርፉ በውድቅት ሌሊት ቢመጣ እንኳ ዘበኛ መቀስቀስ አያስፈልግም። በ1903 የተተከሉት እነዚህ በሮች ውሃው 8 ጫማ ወይም 2 ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ብሎ እንዲጠራቀም አስችለዋል፤ ግንቡ ላይ አንድ ድንጋይ ሳይጨመር ማለት ነው።

በእኔ አስተያየት ለኅብረት ሥራ አባላት ይበልጥ ቅርብ የሆነው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በ1899 በኒራ ቦይ ላይ የጀመሩት የውሃ ክፍፍል ነው። ከቦዩ ራስ ያሉ መንደሮች ለሸንኮራ አገዳ ከልክ በላይ ውሃ ስለሚያጠጡ መሬታቸው ይጨቀያል፤ ከታች ላሉት አይደርስም። ቪስቬስቫራያ መሬቱን በክልል በክልል ከፍለው ሸንኮራ አገዳ፣ ሩዝና ብዙ ውሃ የማይፈልጉ ሰብሎች እየተፈራረቁ እንዲዘሩ፣ ውሃውም በተራ ለብዙ መንደሮች እንዲዳረስ አደረጉ። ገበሬዎቹ መጀመሪያ አጥብቀው ተቃወሙ፤ ውሎ አድሮ ግን ተቀበሉት።

በ1906 ከባሕራችን ማዶ ወደምትገኘው ወደ ኤደን ተልከው የከተማዋን የውሃ አቅርቦትና ፍሳሽ አጥንተዋል። በ1909 የማይሶር ዋና መሐንዲስ ሆኑ፤ በ1911 በካቬሪ ወንዝ ላይ የክሪሽና ራጃ ሳጋራ ግድብ ሥራ ተጀመረ። በዚያም በራሳቸው የሚከፈቱ በሮች ተተክለዋል። ከ1912 እስከ 1918 የማይሶር ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ሲሠሩ ባንክና ዩኒቨርሲቲ እንዲቋቋሙ አድርገዋል። በ1955 የህንድ ከፍተኛ ሽልማት የሆነው ባራት ራትና ተሰጣቸው።

ሐምሌ 12 ቀን 1961 (እ.ኤ.አ.) ከካዳክዋስላ በላይ ይገነባ የነበረው የፓንሼት ግድብ ተደረመሰ። የአንድ ሙሉ ግድብ ውሃ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ማስተንፈሻው ሊያሳልፈው አልቻለም፤ ካዳክዋስላም ፈረሰ፣ ፑኔም በጎርፍ ተመታች። በሮቹን የነደፉት አዛውንት ይህን በሕይወት ሳሉ ደረሱበት፤ በ100 ዓመታቸው ያረፉት በሚቀጥለው ዓመት፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1962 ነው። ግድቡ እንደገና ተሠርቶ ዛሬም ለፑኔ ውሃ ይሰጣል።