የኦነሲሞስ ነሲብ ውለታ

ዛሬ በአቦምሳ ሕፃናት በኦሮምኛ ሲያነቡ የሚሰማ ሰው ነገሩ ከጥንት እንዲሁ የነበረ ይመስለዋል። እኛ የአርሲ ልጆች ግን ይህን መንገድ የጠረጉትን መምህር ማወቅና ማመስገን ይገባናል።

ኦነሲሞስ ነሲብ በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢሉባቦር ተወለዱ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ሲሆን ትርጓሜውም ተርጓሚ ማለት ነው። ገና በልጅነታቸው ባሪያ ፈንጋዮች ወስደዋቸው ከእጅ ወደ እጅ ከተሸጡ በኋላ በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ወጡ፤ በእምኩሉም በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ።

ነገር ግን ከወገን ተለይተው ስላደጉ ለትርጉም የሚበቃ ኦሮምኛ አልቀረላቸውም ነበር። ይህን ጉድለት የሞላችው እንደርሳቸው ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ ናት። ቃላቱን፣ ተረቱንና ዘፈኑን ከትዝታዋ እያወጣች ጻፈች፤ በ1894 የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ በግዕዝ ፊደል አብረው አሳተሙ። መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 ታተመ። ስለዚህ መምህሩ ራሳቸው ተማሪ ሆነው ነበር ማለት ነው።

በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሰው በነቀምቴ ማስተማር ጀመሩ። ተከሰው መስበክ ቢከለከሉም ማስተማሩን አልተዉም። በ1931 ዐረፉ።

ኦሮምኛ የትምህርት ቋንቋ ሆኖ የተስፋፋው ከ1991 የመንግሥት ለውጥ በኋላ ነው፤ ፊደሉም ላቲን ሆኗል። ፊደል ቢለወጥ ውለታ አይፋቅም። የመምህር ውለታ የሚከፈለው በማስተማር ነውና፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ በክረምት ወደየአገራችን ስንገባ እያንዳንዳችን ቢያንስ አንድ ሰው ፊደል እናስቆጥር።