ሲልቪያ ፓንክረስት

ሲልቪያ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1882 በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የሕግ ባለሙያ ነበሩ፤ እናታቸው ኤመሊን ፓንክረስት ደግሞ ለእንግሊዝ ሴቶች የመምረጥ መብት በመታገል ስማቸው የገነነ ነበር። ሲልቪያ በወጣትነታቸው የሥዕል ጥበብ ቢማሩም፣ ብዙ ሳይቆዩ ወደ እናታቸው ትግል ገቡ። በዚህም ምክንያት በተደጋጋሚ ታስረዋል፤ በእስር ቤትም ምግብ አልበላም ብለው በማመፃቸው በኃይል እንዲመገቡ ይደረጉ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1914 በምሥራቅ ለንደን ለሠራተኛ ሴቶች የሚሆን ጋዜጣ አቋቋሙ። በዚያው ዓመት አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። አብዛኞቹ የእንግሊዝ ጋዜጦች ጦርነቱን ሲያወድሱ፣ የእርሳቸው ጋዜጣ ጦርነቱን ተቃወመ፤ በኑሮ ውድነት የተጎዱትን የድሆች ቤተ ሰቦች ችግርም ይገልጽ ነበር። ይህ ልምድ ከሃያ ዓመት በኋላ ለኢትዮጵያ በቆሙ ጊዜ ጠቀማቸው።

ፋሽስት ኢጣሊያ በመስከረም ወር 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ስትወር የጦርነቱ ወሬ የዓለምን ጋዜጦች ሞላ። የኢጣሊያ ጋዜጦች ወረራውን ሥልጣኔን ለማስፋፋት የተደረገ ዘመቻ አስመስለው አቀረቡት። ከአየር ላይ የተረጨውንም የመርዝ ጋዝ ይሸፋፍኑ ነበር። በእንግሊዝ አገር እንኳ እንደ ዴይሊ ሜይል ያሉ ጋዜጦች ለሙሶሊኒ ያደሉ ነበር። ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ደግሞ ከውጭ አገር ጋዜጠኞች አንዳንዶቹ ተባረሩ፤ ሌሎቹም ወደ ሌላ ጉዳይ ፊታቸውን አዞሩ። በጋዜጣ ገጽ ላይ ጦርነቱ ያለቀ መሰለ። አርበኞች ግን በየዱሩና በየገደሉ ገና እየተዋጉ ነበር።

ሲልቪያ ይህን ዝምታ ለመስበር ቆርጠው ተነሡ። አዲስ አበባ በተያዘችበት ሰሞን፣ በሃምሳ አራት ዓመታቸው፣ ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ ማሳተም ጀመሩ። ፋሽስትን አጥብቀው የሚቃወሙት ኢጣሊያዊው የሕይወት ጓደኛቸው ሲልቪዮ ኮሪዮ በሥራው ረዷቸው፤ ስለዚህ ጠላትነታቸው ከፋሽስት ሥርዓት ጋር እንጂ ከኢጣሊያ ሕዝብ ጋር አልነበረም። ጋዜጣው የአርበኞችን ተጋድሎ አወራ፤ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የተጀመረውን እልቂት አጋለጠ። የእንግሊዝ መንግሥት በ1931 ዓ.ም. የኢጣሊያን ወረራ ሕጋዊ አድርጎ ሲቀበል እንኳ ሲልቪያ ከአቋማቸው ፈቀቅ አላሉም።

እርግጥ ነው፣ ጋዜጣው ራሱ ለተጠቃው ወገን የቆመ ነበር፤ ይህንንም አይደብቅም ነበር። ከተያዘ አገር በስውር የሚወጣውን ወሬ ሁሉ ማጣራት አዳጋች በመሆኑ፣ ስለ አርበኞች ድል የተጋነነ ወሬም አልፎ አልፎ ታትሞበታል። ነገር ግን ሌሎች ሊረሱት የፈለጉትን የአንድ ሕዝብ መከራ ሳይረሳ በመዝለቁ ትልቅ ውለታ ውሏል።

ኢትዮጵያ በ1933 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላም ሲልቪያ ሥራቸውን አላቆሙም። ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ማሠሪያ ገንዘብ አሰባሰቡ። ሃያ ዓመት የዘለቀው ጋዜጣቸው በ1948 ዓ.ም. ሲቋረጥ፣ ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር ወደ አዲስ አበባ መጥተው ተቀመጡ፤ በዚያም ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የተባለውን መጽሔት መሠረቱ።

መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ዕለት፣ በሰባ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። አስከሬናቸውም በክብር በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

በሩቅ አገር የሚደረግ ጦርነት በዓይን አይታይም፤ የሚታወቀው በወሬ ነው። ስለዚህ አስተዋይ አንባቢ ጋዜጣ ሲያነብ የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን ማን እንደ ጻፈው፣ ሳይጻፍ የቀረውም ምን እንደ ሆነ ይመረምራል። የሲልቪያ ፓንክረስት ሕይወት የሚያስተምረን ይህንኑ ነው።