የአዶልፍ ሳክስ ታሪክ

ሜዝ በሚባል ወንዝ ዳር ዲናን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ዛሬ በቤልጂክ መንግሥት ውስጥ ናት። በዚህች ከተማ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1814 ዓ.ም. ኖቬምበር 6 ቀን አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። ሲወለድ የተሰጠው ስም አንቷን ዮሴፍ ነበረ፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ አዶልፍ እያለ ይጠራው ነበርና በዚሁ ስም ጸና። አባቱ ሻርል ሳክስ አስቀድሞ እንጨት ሠሪ ነበረ፤ ኋላም የሚነፉ የሙዚቃ መሣሪያዎችን እየሠራ የሚሸጥ ብልህ ሰው ሆነ። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ቤተ ሰቡ ወደ ብሩክሴል ከተማ ሄዶ በዚያ ተቀመጠ። ከዚህ በኋላ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአዶልፍ ሕፃንነት በአደጋ የተመላ እንደ ነበረ ይተረካል። አንድ ጊዜ ከሦስተኛ ፎቅ ወድቆ ራሱን ድንጋይ መታው። በሌላ ጊዜ ወተት መስሎት የሚያቃጥል መርዝ የተቀላቀለበትን ውኃ ጠጣ። መርፌም ዋጠ። ባሩድ ፈንድቶ አቃጠለው፤ ከዚያም በጋለ ምድጃ ላይ ወድቆ እንደ ገና ተቃጠለ። አዲስ ቀለም የተቀባ ዕቃ በሞላበት ክፍል ውስጥ ተኝቶ ሳለ አየሩ መርዞት ሊሞት ጥቂት ቀረው። ወንዝም ወስዶት ነበር፤ ነገር ግን መንገደኛ ደርሶ አወጣው። እናቱ ይህ ልጅ ያድጋል ብላ ተስፋ አላደረገችም፤ ጎረቤቶቹም ሙት መንፈስ የሚል የቅጽል ስም አወጡለት። እርሱ ግን ከዚህ ሁሉ ተርፎ አደገ።

ከፍ ባለ ጊዜ ውሎው በአባቱ የሥራ ቤት ሆነ። እንጨት መላግ፣ ናስ ማቅለጥ፣ ቀዳዳ መብሳት ተማረ። ደግሞም በብሩክሴል የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብቶ ክላርኔትና ፍሉት መንፋትን አጠና። በ15 ዓመቱ በገዛ እጁ የሠራቸውን ሁለት ፍሉቶችና አንድ ክላርኔት ለውድድር አቀረበ። ብዙ ሠሪዎች መንፋት አያውቁም ነበር፤ ብዙ ነፊዎችም መሥራት አያውቁም ነበር። ሳክስ ግን ሁለቱንም ያውቅ ነበርና የመሣሪያው ጉድለት ከወዴት እንደሆነ በጆሮውም በእጁም ይመረምር ጀመር።

የሳክስን ሥራ ለማስተዋል ትንፋሽ እንዴት ድምፅ እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። ትንፋሽ ብቻውን ዜማ አይደለም። ሰው አፉን ከፍቶ እፍ ቢል ነፋስ ይወጣል እንጂ ዜማ አይወጣም። ድምፅ የሚሆነው አየሩ ሲንቀጠቀጥ ነው። ስለዚህ በሚነፋ መሣሪያ ሁሉ ላይ አየሩን የሚያንቀጠቅጥ አንድ ነገር አለ። በዋሽንት ይህን የሚያደርገው የመቃው ጠርዝ ነው፤ ትንፋሹ ጠርዙን እየመታ አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ አንድ ጊዜ ወደ ውጭ ይመላለሳል። በመለከት ደግሞ የነፊው ከንፈር ራሱ ይንቀጠቀጣል። ሦስተኛው ዓይነት ምላስ ያለው ነው። እረኛ ልጅ የሣር ቅጠል በሁለት አውራ ጣቶቹ መካከል ወጥሮ ሲነፋው ቅጠሉ እየተርገበገበ ይጮኻል። ክላርኔትም እንዲሁ ነው፤ በሣሩ ፈንታ ከሸምበቆ ተልጎ የሳሳ ምላስ በአፉ ላይ ይታሰርበታል።

ከዚህ በኋላ ሥራው የቧንቧው ነው። በቧንቧው ውስጥ ያለው አየር ረጅም ሲሆን ቀስ ብሎ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁም ወፍራም ይሆናል። አጭር ሲሆን ይፈጥናል፤ ድምፁም ቀጭን ይሆናል። ዋሽንት የሚነፋ ሰው ጣቱን ከቀዳዳው ባነሣ ጊዜ የሚንቀጠቀጠውን አየር ማሳጠሩ ነው። እምቢልታ ግን የጣት ቀዳዳ ስለሌለው እያንዳንዱ ነፊ የራሱን ድምፅ ብቻ ይዞ ከባልንጀሮቹ ጋር እየተቀባበለ ያዜማል። ሳክስ ከሁሉ ይልቅ ያተኮረበት ነገር ይህ ነው፤ የመሣሪያውን የድምፅ ጠባይ የሚወስነው እንጨት ወይም ናስ መሆኑ ሳይሆን በውስጡ ያለው አየር ቅርጽ ነው ብሎ አሰበ። በዘመኑ ብዙ ሠሪዎች ይህን አይቀበሉትም ነበር።

በ1838 ወፍራም ድምፅ ያለውን ትልቁን ክላርኔት አሻሽሎ ሠራ። ከእርሱ በፊት የነበረው ቀዳዳው ጣት በሚደርስበት ስፍራ ብቻ ይበሳ ስለ ነበረ ድምፁ የተዛባ ነበር። ሳክስ ግን ቀዳዳውን አየሩ በሚፈልገው ስፍራ በሳው፤ ጣት የማይደርስበትንም በብረት ዘንግና በመክደኛ እንዲዘጋ አደረገ። የሰማው ሁሉ አደነቀ።

በ1841 በብሩክሴል ትልቅ የእጅ ሥራ ትርኢት በሆነ ጊዜ ሳክስ ብዙ መሣሪያዎችን አቀረበ። ለወርቅ ኒሻን የተገባ ነበር፤ ዳኞቹ ግን ገና ወጣት ስለሆነ ወርቁ ለሌላ ጊዜ ይቆየው ብለው በወርቅ የተለበጠ የብር ኒሻን ሰጡት። ሳክስ አልቀበልም አለ። ይህን ትዕቢት ያሉት ነበሩ፤ ነገር ግን ዳኞቹ ሥራውን ትተው ዕድሜውን መመዘናቸው እውነት ነው። በሚቀጥለው ዓመት አገሩን ትቶ ወደ ፓሪስ ሄደ። በኪሱ ከ30 ፍራንክ በቀር እንዳልነበረው ይነገራል።

በፓሪስ ኤክቶር ቤርሊዮዝ የሚባል ታላቅ የሙዚቃ ደራሲ ነበረ፤ እርሱም በጋዜጣ ይጽፍ ነበር። ሳክስ መሣሪያዎቹን ይዞ ወደ እርሱ ሄደና እየነፋ አሰማው። በ1842 ጁን 12 ቀን ቤርሊዮዝ ስለዚህ ወጣት በጋዜጣ ጽፎ ሥራውን አመሰገነ። ገንዘብ የሚያበድሩትም ስለተገኙ ሳክስ በፓሪስ የሥራ ቤት ከፈተ።

በዚያን ዘመን የፈረንሳይ ወታደሮች ሙዚቃ ደካማ ነበር። በሜዳ ላይ የክር መሣሪያ ድምፅ በነፋስ ይጠፋል። ክላርኔቱና ፍሉቱም ከናስ መለከቶች አጠገብ ሲሆኑ አይሰሙም። ሳክስ እንደ መለከት ሩቅ የሚሰማ፣ ግን እንደ ክላርኔት የለሰለሰ ድምፅ ፈለገ። ስለዚህ የክላርኔትን አፍ ከሸምበቆ ምላሱ ጋር ወስዶ በናስ ቧንቧ ላይ ተከለው። ቧንቧውንም እንደ ክላርኔት ከላይ እስከ ታች እኩል አላደረገውም፤ ከአፉ ጀምሮ እንደ ቀንድ እየሰፋ እንዲሄድ አደረገው። የመሣሪያው ምሥጢር ያለው በዚህ መስፋት ላይ ነው። እኩል የሆነው ክላርኔት ወደ ላይኛው ድምፅ ሲዘል እስከ አሥራ ሁለተኛው ድምፅ ስለሚሄድ ጣቱ ላይና ታች የተለያየ አካሄድ መማር አለበት። እንደ ቀንድ የሚሰፋው ግን ወደ ስምንተኛው ይዘላል፤ ስለዚህ ታች የተማረው የጣት አካሄድ ላይም ያገለግላል። ይህን መሣሪያ በስሙ ሳክስፎን ተባለ።

በ1845 አፕሪል 22 ቀን በፓሪስ ሻን ደ ማርስ በሚባለው ሜዳ ሁለት የወታደር ሙዚቃ ጓዶች በሕዝብ ፊት ተወዳደሩ። አንደኛው ካራፋ የሚባል መምህር የሚመራው፣ የቀድሞውን መሣሪያ የያዘ ጓድ ነበረ፤ 45 ሰዎች ነበሩበት። ሁለተኛው የሳክስ ነበረ። ከሳክስ ሰዎች ሰባቱ ስለ ቀሩ 38 ብቻ ተገኙ፤ ተቀናቃኞቹ በገንዘብ አስቀርተዋቸዋል ተብሎም ተወራ። ሳክስ ራሱ መሣሪያ አንሥቶ የጎደለውን ስፍራ ለመሙላት ከሰዎቹ ጋር ነፋ። ሳክስሆርን የሚባሉት አዳዲስ የናስ መሣሪያዎቹ በተሰሙ ጊዜ ሕዝቡ በእልልታና በጭብጨባ ፈረደለት። በዚያው ዓመት የጦር ሚኒስቴር የሳክስን መሣሪያዎች በወታደሩ ሙዚቃ ውስጥ እንዲገቡ አዘዘ። በ1846 ሳክስ ስለ ሳክስፎን የባለመብትነት ጽሑፍ ከመንግሥት ተቀበለ።

ከዚህ በኋላ የሳክስ ጠላቶች በዙ። ክፉዎች ብቻ አልነበሩም። የመንግሥት ትእዛዝ ለአንድ ሰው ሲሰጥ የሌሎቹ ሥራ ቤት ባዶ ቀረ፤ በዚያ የሚሠሩት አንጥረኞችም ልጆች ነበሯቸው። ስለዚህ የፓሪስ መሣሪያ ሠሪዎች ማኅበር አቁመው ገንዘብ አዋጥተው ከሰሱት። የክሳቸው ነገር ግን እርስ በርሱ አይስማማም ነበር፤ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ መሣሪያ የለም ይሉ ነበር፤ ሌላ ጊዜ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው ይሉ ነበር። ሳክስም ትዕግሥተኛ ሰው አልነበረም። በሙግት ጸና፤ በተራውም ከሰሰ፤ ብዙ ጊዜም ረታ። ነገር ግን የረታበትን ገንዘብ ጠበቃ ይበላው ነበር። በ1848 በፈረንሳይ አብዮት ሆኖ ንጉሡ በወረደ ጊዜ አዲሱ መንግሥት ያንን ትእዛዝ ሻረ። በ1852 ሳክስ ከሰረ።

በ1853 ገደማ ደግሞ በከንፈሩ ላይ እባጭ ወጣ። ይህ ለማንም ሰው ሥቃይ ነው፤ ለሳክስ ግን ከንፈሩ መሣሪያውን ሁሉ የሚመረምርበት የሥራው ዕቃ ነበረ። እባጩ እያደገ ሄዶ ምግብ እንኳ በቧንቧ እስኪመገብ ድረስ አስጨነቀው። ሐኪሞች መቁረጥ ይገባል አሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የሥራ ቤቱን አልዘጋም፤ ሙግቱንም አልተወም። በመጨረሻ ዕፅ በመቀመም የሚያክም አንድ ሰው አክሞት በ1859 ዳነ።

በ1857 በፓሪስ የሙዚቃ ትምህርት ቤት የሳክስፎን መምህር ሆኖ ተሾመ፤ ተማሪዎቹም ወታደሮች ነበሩ። ለሚነፉ ተማሪዎች የሚሆኑ የሙዚቃ ጽሑፎችን ራሱ እያሳተመ አወጣ። በ1867 በፓሪስ በሆነው የዓለም ትርኢት ታላቁን ሽልማት ተቀበለ። በብሩክሴል ስለ ወጣትነቱ የተነፈገውን ክብር ያገኘው በ52 ዓመቱ ነበረ። ነገር ግን በ1870 ፈረንሳይና ፕሩስያ ተዋጉ፤ የሳክስፎን ክፍልም ተዘጋ። በዚያ ትምህርት ቤት እንደ ገና የተከፈተው በ1942 ነው፤ ሳክስ ያን ጊዜ ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር።

የባለመብትነቱም ዘመን ስላለቀ ሌሎች ሠሪዎች ሳክስፎንን ያለ ከልካይ ሠሩት። በ1873 ሁለተኛ፣ በ1877 ሦስተኛ ጊዜ ከሰረ። ከዘመን ዘመን ሲሰበስባቸው የኖሩትን ከ400 በላይ የሚሆኑ የጥንትና የሩቅ አገር መሣሪያዎች በሐራጅ ሸጠ። ይህ ከሁሉ ይልቅ ሳያስቆጨው አልቀረም፤ እነርሱ የእርሱ መምህሮች ነበሩና። ከነዚህም አንዳንዶቹ ወደ ብሩክሴል ሙዚየም ገቡ።

በስተርጅና ዘመኑ በድኅነት ኖረ። አንዳንድ የሙዚቃ ደራሲዎች መንግሥት መጦሪያ እንዲሰጠው ለመኑለት። በ1894 በፌብሩዋሪ ወር በ79 ዓመቱ በፓሪስ ሞተ፤ በሞንማርትር መካነ መቃብርም ተቀበረ። የሥራ ቤቱን ልጁ ተቀብሎ ሠራበት።

ሳክስ በሞተ ጊዜ ሳክስፎን የሚወድዱት የወታደር ሙዚቀኞች ነበሩ እንጂ ታላላቆቹ የሙዚቃ ቤቶች ብዙ አላስገቡትም። ከዚያ በኋላ ግን ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በዚያ የጃዝ ሙዚቃ ዋና ድምፅ ሆነ። ወደ ኢትዮጵያም መጣ። ከ1935 እስከ 2016 የኖረው ጌታቸው መኩሪያ ጀግኖች በጦር ሜዳ የሚያሰሙትን ሽለላ በሳክስፎን እየነፋ አሰማበት። መሣሪያው በሳክስ እጅ ከወጣ ጀምሮ በመክደኛውና በዘንጉ ብዙ ተሻሽሏል፤ እንደ ቀንድ የሚሰፋው ናስና በአፉ ላይ የሚታሰረው የሸምበቆ ምላስ ግን ያው ነው።