አባ ፔድሮ ፓኤዝና ብቻውን የቀረው በር



በህንድ አገር በምዕራቡ የባሕር ዳርቻ፥ አሮጌዋ ጎዋ በምትባለው ከተማ አንድ የድንጋይ በር ብቻውን ቆሟል። ከበስተኋላው ቤት የለም፤ ከግራና ከቀኙም ሕንጻ የለም። ግድግዳው ከቀይ ድንጋይ፥ ቅስቱ ከጥቁር ድንጋይ የተሠራ ነው። ይህ በር የቅዱስ ጳውሎስ ኮሌጅ ቤተ ክርስቲያን ፊት ነበር። በቤሌ ለተሰበሰቡ ካቴኪስቶች የበሩን ሥዕል ባሳየናቸው ጊዜ፥ የሩቅ አገር ፍርስራሽ እኛን ምን ያገባናል ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄያቸው ተገቢ ስለ ሆነ፥ መልሱን በአንድ ካህን ሕይወት በኩል ልናቀርብ ወደድን። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

ኮሌጁ የተጀመረው በ1541 ነው። ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ሳቨርዮስ በ1542 ጎዋ ከደረሱ በኋላ ቀስ በቀስ በኢየሱሳውያን ማኅበር እጅ ገባ፤ በእስያም የማኅበሩ ዋነኛ የትምህርት ማእከል ሆነ። ከልዩ ልዩ ሕዝቦች የተሰበሰቡ ወጣቶች ይማሩበት ነበር፤ ከእነርሱም መካከል የሐበሻ ልጆች ይገኙ ነበር። በ1556 አንድ የማተሚያ መሣሪያ ከሊዝቦን ጎዋ ደረሰ። መሣሪያው የታሰበው ለኢትዮጵያ ነበር። ይሁን እንጂ ለኢትዮጵያ የተሾሙት ፓትርያርክ ዮሐንስ ኑኔዝ ባሬቶ ወደ አገራችን ለመግባት ሳይችሉ በ1562 በጎዋ ዐረፉ፤ ማተሚያውም በዚያው ኮሌጅ ቀረ። አውሮጳውያን በእስያ ምድር ያቋቋሙት የመጀመሪያው ማተሚያ ይኸው ነው። ለእኛ የተላከው ለሌላ ሆነ ማለት ነው።

አባ ፔድሮ ፓኤዝ የተወለዱት በ1564 በስፔን፥ ከማድሪድ ብዙ በማትርቀው ኦልሜዳ በምትባል መንደር ነው። ወደ ኢየሱሳውያን ማኅበር ገብተው በ1588 ጎዋ ደረሱ፤ በ1589 መጀመሪያ በዚያው ማዕርገ ክህነት ተቀበሉ። ወዲያውም በዕድሜ ከሚበልጧቸው ከአባ አንቶንዮ ሞንሴራት ጋር ወደ ኢትዮጵያ ተላኩ። የአርመን ነጋዴዎች መስለው ሲጓዙ በደቡብ ዐረብ ባሕር ተማረኩ፤ ሰባት ዓመት ያህልም በየመን ምድር በእስር፥ በሰንሰለትና በመርከብ ቀዘፋ ተንገላቱ። በሐድራሞት ሳሉ ቡና ቀርቦላቸው መቅመሳቸውን በኋላ ጽፈዋል፤ ለእኛ ለቡና ጠጪዎቹ ይህ ፈገግ የሚያሰኝ ነው። አባ ፔድሮ ዐረብኛን የተማሩት በዚህ መከራ ውስጥ ነበር። በ1596 ተዋጅተው ጎዋ ሲመለሱ ሁለቱም ሰውነታቸው ደክሞ ነበር። አባ ሞንሴራት በ1600 ዐረፉ። አባ ፔድሮ ግን ዳግመኛ ተነሥተው በ1603 በምጽዋ በኩል ገቡ፤ ከአድዋ አጠገብ በቅዱስ ፍሬምናጦስ ስም በተሰየመችው በፍሬሞና ተቀመጡ።

በመጀመሪያ የሠሩት ሥራ የእናንተን፥ የካቴኪስቶችን ሥራ ነው። አጭር ትምህርተ ክርስቶስ ወደ አገሩ ቋንቋ እንዲመለስ አደረጉና ሕፃናትን አስተማሩበት። በ1604 ዐፄ ዘድንግል ባስጠሯቸው ጊዜ ከእነዚሁ ልጆች ጥቂቶቹን ይዘው ሄዱ፤ ልጆቹም በንጉሡ ፊት ተጠይቀው መለሱ። ንጉሡ ተደነቁ፤ በተደነቁትም መጠን ቸኰሉ። አባ ፔድሮ እንዲታገሡ ቢመክሯቸውም አልሰሙም፤ የሰንበት ቅዳሜን አከባበር በዐዋጅ ሻሩ። በዚያው ዓመት ዐመፅ ተነሥቶ በጦር ሜዳ ተገደሉ።

ከ1607 በኋላ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን አባ ፔድሮ በቤተ መንግሥቱ ተወደዱ። በጣና ዳር በጎርጎራ ለንጉሡ ባለ ፎቅ ቤት፥ ለአምልኮም የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። መዶሻውንና መሮውን ራሳቸው እያበጁ ሠራተኞችን ያስተምሩ እንደ ነበር ይነገራል። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ማረም ይገባናል። ዛሬ ጎብኚዎች በአዲሲቱ ጎርጎራ የሚያዩት፥ ማርያም ግንብ የሚባለው ፍርስራሽ ብዙ ጊዜ የእርሳቸው ሥራ ነው ይባላል። ያ ሕንጻ ግን የተጀመረው በ1626 ገደማ፥ እርሳቸው ካረፉ ከዓመታት በኋላ ነው። የሞተውን ሰው ባልሠራው ሥራ ማመስገን ክብር አይጨምርለትም።

በ1618 ከንጉሡ ጋር ሲጓዙ በግሽ የዓባይን ምንጭ አዩ። የውጭ አገር ሰዎች ስማቸውን የሚያነሡት በዚህ ነው፤ እኛ ግን ሌላውን ጉዞ እናስቀድማለን። በ1613 የሥራ ባልደረባቸው አባ አንቶንዮ ፈርናንዴዝ ወደ ህንድ ውቅያኖስ የሚያደርስ መንገድ ፍለጋ በእናርያና በጃንጀሮ በኩል ወርደው ጊቤን ተሻገሩ፤ ከምባታም ደረሱ። ከዚያ ወዲያ ግን ታስረው ተመለሱ። ያ የተሻገሩት ውሃ ወርዶ ኦሞ ተብሎ በእኛው ወረዳ ጠርዝ ያልፋል።

አባ ፔድሮ በግንቦት 1622 በጎርጎራ በንዳድ ታመው ዐረፉ። በዚያው ዓመት ንጉሡ የካቶሊክ እምነታቸውን ይፋ አድርገው ነበር። በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን የእርሳቸው ትዕግሥት አልነበራቸውም። ምእመናን ዳግመኛ እንዲጠመቁ፥ ካህናት ዳግመኛ እንዲሾሙ፥ የአገሩ ሥርዐተ አምልኮ እንዲለወጥ አዘዙ። ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ዐፄ ሱስንዮስ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ፤ ኢየሱሳውያንም ከአገር ተባረሩ። ከዚያ ደም የሚበዛው ወንድማማቾች ክርስቲያኖች እርስ በርሳቸው ያፈሰሱት መሆኑን ስንጽፍ እናፍራለን።

የጎዋው ኮሌጅም አልቀረለትም። ወረርሽኝ ሠፈሩን ስላጠቃው መምህራኑ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወሩ፤ በ1759 ኢየሱሳውያን ከፖርቱጋል ግዛት ሁሉ ተሰደዱ። ከ1829 ጀምሮም ሕንጻው ፈርሶ ድንጋዩ ለአዲሱ ከተማ ለፓንጂም መሥሪያ ተጋዘ። የቀረው በሩ ብቻ ነው።

አባ ፔድሮ በሕይወታቸው መጨረሻ የኢትዮጵያን ታሪክ በፖርቱጋልኛ ጽፈው ነበር። ያ መጽሐፍ በብራና ቤት ተቀምጦ ቈየና በ1905 በሮማ መታተም ጀመረ፤ ለኢትዮጵያ ታስቦ የመጣው ማተሚያ ጎዋ ከቀረ ከ349 ዓመታት በኋላ ነው።