የናፍጣ ሞተር አባት ሩዶልፍ ዲዝል እና የጭሱ ሽታ

የመስኖ ውኃ ከሚስቡ ፓምፖች፣ ማሳ ከሚያርሱ ትራክተሮችና ከገጠር ወፍጮዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት በናፍጣ ሞተር ነው። እኛ ሞተሩን በሚጠጣው ነዳጅ ስም እንጠራዋለን፤ በብዙ አገሮች ግን የሚታወቀው በፈጣሪው በሩዶልፍ ዲዝል ስም ነው። የዚህ መሐንዲስ ታሪክ ነዳጅ ሲለወጥ ከማርሚታ የሚወጣው ጭስ ሽታ ለምን እንደሚለወጥም ያስረዳል።

ዲዝል ከጀርመናውያን ወላጆች እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 1858 በፓሪስ ተወለደ። አባቱ መጽሐፍ ጠራዥና የቆዳ ዕቃ ሠሪ ነበር። በ1870 ፈረንሳይና ጀርመን ጦርነት ሲገጥሙ ቤተሰቡ ወደ ለንደን ተሰደደ፤ የ12 ዓመቱ ልጅም ጀርመን ወደምትገኘው አውግስቡርግ ከተማ፣ ዘመዶቹ ዘንድ ተላከ። በትምህርቱ ጎበዝ ስለነበር በ1880 ከሙኒክ የቴክኒክ ተቋም በከፍተኛ ውጤት ተመረቀ። ከዚያም የማቀዝቀዣ መሣሪያ ሊቅ በነበረው መምህሩ በካርል ቮን ሊንደ ሥር ተቀጥሮ በፓሪስ በበረዶ ማምረት ሥራ ተሰማራ።

በዚያ ዘመን ፋብሪካዎችን የሚያንቀሳቅሰው የእንፋሎት ሞተር ነበር። ይህ ሞተር ግን ከሚበላው ማገዶ ጉልበት አብዛኛውን በከንቱ ያባክናል። ዋጋውም በትልልቅ ባለሀብቶች አቅም እንጂ በአነስተኛ የእጅ ባለሙያ አቅም የሚቻል አልነበረም። ዲዝል ትንሹ ሠራተኛም ሊጠቀምበት የሚችል ቆጣቢ ሞተር ለመሥራት ተነሳ።

ሐሳቡ ይህ ነው፤ አየር በሲሊንደር ውስጥ በኃይል ሲታመቅ እጅግ ይግላል። በጋለው አየር ላይ ነዳጅ ሲረጭ ያለ ካንዴላ በራሱ ይቀጣጠላል። በ1892 የባለቤትነት መብት ጠየቀ፤ በዓመቱ በአውግስቡርግ ሙከራ ሲጀምር ግን የሞተሩ መለኪያ ፈነዳ። ተስፋ ሳይቆርጥ ቀጠለና በፌብሯሪ 1897 በተደረገው ይፋዊ ፍተሻ ሞተሩ ከነዳጁ ጉልበት 26 በመቶውን ያህል ወደ ሥራ ለወጠ። ይህም የእንፋሎት ሞተሮቹን በእጅጉ የበለጠ ውጤት ነበር።

በራሱ የሚያቀጣጥል በመሆኑ ሞተሩ ነዳጅ አይመርጥም ነበር። ዲዝል የድንጋይ ከሰል ዱቄትን ጭምር አስቦ ነበር። በ1900 በፓሪስ ዓለም አቀፍ ትርዒት ላይ አንድ ትንሽ የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሲሠራ ታየ። ሙከራው የተደረገው በፈረንሳይ መንግሥት ፍላጎት ሲሆን፣ በአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቹ የሚበቅለው ለውዝ ለሞተር ኃይል ይውል እንደሆነ ለማየት ነው። ዲዝልም በ1912 የዘይት እህሎች ወደፊት ትልቅ ቦታ እንደሚኖራቸው ገልጿል። ያም ሆኖ የድፍድፍ ዘይት ውጤቶች ርካሽ ስለነበሩ ገበያውን ያዙት።

የሽታው ምስጢር እዚህ ላይ ነው። ሽታውን የሚያመጣው በዋናነት ሳይቃጠል ወይም በከፊል ተቃጥሎ የሚወጣው ነዳጅ ነው። ድኝ የበዛበት ናፍጣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ጭስ ያወጣል፤ የእህል ዘይት ድኝ ስለሌለው ማለት ይቻላል ጭሱ የጥብስ ጠረን አለው። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ የሚወጣው ነጭ ጭስ ደግሞ ጥሬ ነዳጅ ይሸታል፤ ዓይንም ያቃጥላል።

ስለዚህ አዲስ ነዳጅ ከተሞላ በኋላ ሽታው በድንገት ከተለወጠ ነዳጁን ማስመርመር ተገቢ ነው። ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ የማለስለስ አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ የነዳጅ ፓምፑን ይበላል። የዛሬዎቹ ሞተሮች የሚስማሙትም ለናፍጣ ስለሆነ ወፍራሙ የምግብ ዘይት እንዳለ ቢሞላ ኖዝሉን ይደፍናል። ነዳጁ ደህና ሆኖ ጥቁር ጭስ ከበዛ የአየር ማጣሪያውንና ኖዝሉን ማየት ይበጃል።

ሽታው ቀለለ ማለት ግን ጭሱ አይጎዳም ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2012 የናፍጣ ሞተር ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። በጭሱ ውስጥ ያለው ሽታ አልባ መርዝ በታፈነ ቦታ ይገድላል። በመሆኑም ፓምፕን በጉድጓድ ውስጥ ወይም በተዘጋ ክፍል ማስነሳት ፈጽሞ አይገባም፤ የወረዳ ባለሙያዎችም ይህን ለአርሶ አደሩ ደጋግመው ማስገንዘብ አለባቸው።

ዲዝል ራሱ የድካሙን ፍሬ በሰላም አልበላም። ዕዳ በዝቶበት ሳለ በሴፕቴምበር 29 ቀን 1913 ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ በመርከብ ሲጓዝ ሌሊት ጠፋ፤ ከቀናት በኋላ አስከሬኑ በባሕር ላይ ተገኘ። የአሟሟቱ ምክንያት እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሞተሩ ግን ትንሹን ሠራተኛ ይርዳ ብሎ እንዳሰበው፣ ዛሬም የአነስተኛ ማሳ ባለቤትን ውኃ ይስባል፤ እህሉን ይፈጫል።