10 ጌጅ፣ 12 ጌጅ እና የጆን ብራውኒንግ ሒሳብ

ከቁጥሩ ልጀምር፤ እኔንም መጀመሪያ ያደናገረኝ እሱ ስለሆነ። ሾትገን፣ ያ በአንድ ተኩስ ብዙ ጥቃቅን ርሽ የሚበትነው የአደን ጠመንጃ፣ የአፈሙዙ ስፋት የሚለካው በጌጅ ነው። ታዲያ 10 ጌጅ ከ12 ጌጅ ይበልጣል፤ 12ቱ ደግሞ ከ20ው። ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ልኬቱ ከድሮ የመጣ ነው፦ አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 454 ግራም ገደማ እርሳስ ወስዳችሁ 12 እኩል ድቡልቡል ጥይት ብትሠሩበት፣ የአንዱ ጥይት ውፍረት የ12 ጌጅ ቱቦ ስፋት ይሆናል፤ 18.5 ሚሊ ሜትር። 10 ብቻ ከሠራችሁበት እያንዳንዱ ይወፍራል፤ 19.7 ሚሊ ሜትር። አንድን ድፎ ዳቦ ለ10 ወይም ለ12 ሰው እንደ መቁረስ በሉት።

ልዩነቱ እኮ 1.2 ሚሊ ሜትር ነው። ለዚህች ልዩነት ግን የአሜሪካ አዳኞች ስንት ዘመን ተከራክረዋል፤ በተለይ የተርኪ አዳኞች። ተርኪ ሲባል የምስጋና ቀን ገበታ ላይ የምታዩት ወፍ ነው፤ የዱሩ ግን ጠርጣራና ዓይኑ የሰላ ነው። አዳኙ በጸደይ ጠዋት ዛፍ ተደግፎ ሳይነቃነቅ ይቀመጣል፤ የሴቷን ድምፅ እያስመሰለ ወንዱን ይጠራል። ወንዱ ከመጣ የሚተኮሰው ራሱና አንገቱ ላይ ነው፤ ደረቱን ወፍራም ላባ ይሸፍነዋል። ርቀቱ ቢበዛ 35 ወይም 40 ሜትር። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ስንት ፍሬ ያርፋል የሚለው ነው። ሰፊው 10 ጌጅ ብዙ ርሽ ይይዛል፤ 12ቱ ይቀላል።

ክርክሩን ወደ 12 ካጋደሉት ሰዎች አንዱ ጆን ሞሰስ ብራውኒንግ ነው። ስሙን እኛ አገር የምናውቀው በሽጉጡ ነው። እኔ ግን ወደ እሱ የሄድኩት በሌላ በር ነው፦ ሥራውን እንዴት ይሸጥ እንደነበር ሳነብ።

የተወለደው በ1855 በዩታ፣ ኦግደን ከተማ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ጆናታን ጠመንጃ ሠሪ ነበር፤ ሞርሞን፣ የሦስት ሚስቶች ባል፣ የ22 ልጆች አባት። ቤተሰቡ የሚተርከው ታሪክ አለ፦ ጆን በ10 ዓመቱ ከአባቱ ሱቅ የተጣለ የጠመንጃ ቱቦ፣ ጣውላና ሽቦ ለቃቅሞ መሣሪያ ይሠራል፤ ከወንድሙ ከማት ጋር ይወጣና የቆቅ ዘመድ የሆኑ የዱር ወፎችን ለቤተሰቡ ቁርስ ይዞ ይመለሳል።

የመጀመሪያ ፓተንቱን በ1879 አገኘ። ከአራት ዓመት በኋላ የዊንቸስተር ኩባንያ ኃላፊ ቤኔት ከአገሪቱ ምሥራቅ ጫፍ ተነስቶ ኦግደን ድረስ መጣና የዚያን ጠመንጃ መብት በ8,000 ዶላር ገዛው። ለአንዲት የገጠር ከተማ ሱቅ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። ግን በዚያው አንድ ልማድ ተጀመረ። ጆን ይነድፋል፣ ዊንቸስተር አንዴ ከፍሎ ይወስዳል፣ በቃ። ጠመንጃው ሺህም ይሸጥ ሚሊዮን፣ ነዳፊው ከዚያ በኋላ ሳንቲም አያይም። ከገዟቸው ንድፎች ደግሞ አብዛኛዎቹ ፋብሪካ ሳይገቡ መደርደሪያ ላይ ቀሩ። ኩባንያው የከፈለው ተፎካካሪዎቹ እንዳያገኟቸውም ጭምር ነበር።

ከተሠሩት አንዱ የ1887ቱ ሾትገን ነው። ብራውኒንግ ለሾትገን የሚሻለው በእጅ እየሳቡ እየገፉ የሚያጎርሱት ዓይነት እንደሆነ ያምን ነበር። ዊንቸስተር ግን መለያ ምልክቱ የሆነውን፣ ቃታው ሥር ያለውን ማንሻ ፈለገ። ደንበኛ ንጉሥ ነውና እንደፈለጉት ሠራላቸው፤ በ10 እና በ12 ጌጅ። ያኔ 10 ጌጅ ቅንጦት አልነበረም። ባሩዱ ጥቁሩ፣ ጭሳሙ ነበር፤ ኃይል ለማግኘት ብዙ ማጨቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ለማጨቅ ሰፊ ቀለህ ያስፈልጋል።

በነገራችን ላይ ጆን በዚያው ዘመን ቤተ ክርስቲያኑ ለስብከት ጆርጂያ ልካው ነበር። አቧራ የጠጣ ልብስ ለብሶ በአንድ ሱቅ መስኮት የራሱን ጠመንጃ አየ ይባላል። ገብቶ ሲያገላብጠው ሻጩ በእጁ ቅልጥፍና ተገረመ፤ የሠራው እሱ ነው ሲባል ግን አላመነም።

ከዚያ ጭስ አልባው ባሩድ መጣ። ትንሹ ብዙ ይገፋል። የ10 ጌጅ ስፋት ዋና ምክንያቱ ላላ፤ 12ቱ የእሱን ሥራ በቀለለ ጠመንጃ መሥራት ጀመረ። የብራውኒንግ የ1897 ሞዴል፣ ያ እሱ ከመጀመሪያው የፈለገው ሳብ-ገፋ፣ በ12 እና በ16 ጌጅ ወጥቶ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ዊንቸስተር አሮጌውን ባለማንሻ በ1901 ሲያድሰው በ10 ጌጅ ብቻ አወጣው፤ የራሱን 12 እንዳይሻማበት። የተሸጠው 13 ሺህ ምናምን ነው። ሌክቸር ላይ ስለ ገበያ ክፍፍል ሲነገረኝ የተሰጠኝ ምሳሌ የለስላሳ መጠጥ ነበር፤ ይሄኛው ይሻል ነበር።

ወደ ዋናው ልምጣ። በ1900 ብራውኒንግ ራሱን በራሱ የሚያጎርስ ሾትገን ፓተንት አገኘ። ስትተኩሱ ቱቦው ራሱ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ሲመለስ ባዶውን ቀለህ ያወጣል፣ አዲሱን ያስገባል። ከቱቦው ሥር ያለችውን የፍሬን ቀለበት እንደ ጥይቱ ክብደት አገላብጦ ማስተካከል ይቻላል። ከዚያ በፊት በዚህ መንገድ በደንብ የሚሠራ ሾትገን አልነበረም። ብራውኒንግ ምን በእጁ እንዳለ ገብቶታል። ስለዚህ ለዊንቸስተር አዲስ ነገር አቀረበ፦ በአንድ ጊዜ ክፍያ አይሆንም፣ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ድርሻዬን። ቤኔት እምቢ አለ። ወደ 20 ዓመት የቆየው ወዳጅነት እዚያው ተቆረጠ።

እዚህ ጋ ስለራሴ ትንሽ ብል አይከፋችሁም። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ለአንድ ድርጅት የዋጋ ማስያ ሠንጠረዥ ሠርቼ በአንድ ጊዜ ክፍያ ሸጥኩ። የሁለት ወር የቤት ኪራይ ሸፈነልኝ፤ ደስ ብሎኝ ነበር። በቅርቡ አንድ ጓደኛዬ እዚያ ሲቀጠር ያችን ሠንጠረዥ ዛሬም ሲጠቀሙባት አገኘ፤ ስሜ ብቻ ጠፍቷል። ለዚህ ነው የቤኔት እምቢታ ጋ ስደርስ ንባቤን አቁሜ ሻይ የጠጣሁት።

ብራውኒንግ ቀጥሎ ወደ ሬሚንግተን ሄደ። ጥር 1902 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሃርትሊ ቢሮ ደጃፍ ተቀምጦ ሲጠብቅ፣ ሰውየው በልብ ድካም መሞቱን ነገሩት። ከዚያ መርከብ ተሳፍሮ ቤልጅየም፣ ሊዬዥ ከተማ፣ ኤፍኤን ፋብሪካ ገባ። በፉከራና በቀረርቶ የምንሰማው በልጅግ ስሙን ያገኘው ከዚችው ቤልጅየም ነው። ኤፍኤን ድርሻውን ሊከፍል ተስማማ። ብራውኒንግ ደግሞ ራሱ 10,000 ጠመንጃ አዝዞ ወደ አሜሪካ አስገባ፤ በሥራው ያመነ ሰው እንዲህ ነው። በኋላ አውቶ-5 የተባለው ይህ ሾትገን የተጀመረው በ12 ጌጅ ነው፤ 16 እና 20 ተከተሉ፤ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ሲመረት በ10 ጌጅ ግን አንድም ጊዜ አልወጣም።

ዊንቸስተርስ? የብራውኒንግን ፓተንት ሳይነካ አንድ አውቶማቲክ ለመሥራት ዓመታት ፈጀበት። በ1911 ያወጣው ማቀባበያ እጀታ እንኳ አልነበረውም፤ የእጀታው ፓተንት የብራውኒንግ ነዋ። ተኳሹ ቱቦውን ይዞ መግፋት ነበረበት። ጥይት ሲሰነቀር ሰደፉን መሬት አስደግፎ አፈሙዙን የሚገፋ ሰው ምን እንደሚደርስበት እናንተው ገምቱ።

ሰውየውን መልአክ ላደርገው አይደለም። የአንደኛው የዓለም ጦርነት መነሻ የሆነው የሳራዬቮ ግድያ የተፈጸመው በእሱ ንድፍ ሽጉጥ ነው፤ የእሱ መትረየሶችም ከዚያ በኋላ ስንት እናት አስለቅሰዋል። በዚያው ጦርነት ያደረገው ግን የኢኮኖሚክስ ጭንቅላቴን ያዞረዋል። የአሜሪካ መንግሥት ለመሣሪያዎቹ 750,000 ዶላር በአንድ ጊዜ ሊከፍለው አቀረበ፤ በሽያጭ ድርሻ ቢታሰብ ከ12 ሚሊዮን በላይ ይደርስ ነበር። ሳይከራከር ተቀበለ። ለዊንቸስተር ያልሸጠውን መርህ ለአገሩ ለቀቀው። ልክ ነው አይደለም አልልም፤ እኔ ግን እንደዚያ የማደርግ አይመስለኝም።

10 ጌጅስ ምን ደረሰበት? አልሞተም። ብራውኒንግ ካረፈ በኋላ ረጅም ቀለህ ተሠራለት፤ እስከ 64 ግራም ርሽ የሚተኩስ። የተርኪ አዳኞች ወደዱት። ጠመንጃው ግን 4.5 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ ዳገት ለዳገት ተሸክማችሁ ሂዱ። በ1988 12 ጌጅም ያንኑ ያህል ረጅም ቀለህ አገኘ፤ ከሞላ ጎደል ያንኑ ጭነት በአንድ ኪሎ ገደማ በቀለለ ጠመንጃ ይተኩሳል፤ ትከሻ ላይ ግን አጥብቆ ይረግጣል። በሰፊው ቱቦ ርሹ ሳይጨናነቅ ስለሚወጣ 10 ጌጁ የተሻለ ይሰበስባል የሚሉ አሁንም አሉ፤ ለትላልቅ ፍሬዎች እውነት አላቸው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ከእርሳስ በግማሽ የሚበልጥ ጥግግት ያለው የተንግስተን ርሽ መጣ። ፍሬው ደቃቅ ሆኖም ይበሳል፤ ስለዚህ በ20 ጌጅ እንኳ ተርኪ ይጥላሉ። የኪስን ነገር አታንሱት፤ ተንግስተን ውድ ነው።

ብራውኒንግ ኅዳር 26 ቀን 1926 ሊዬዥ ውስጥ፣ በኤፍኤን ፋብሪካ፣ በልጁ በቫል ቢሮ በልብ ሕመም ሞተ። 71 ዓመቱ ነበር። ሲሞት እየሠራ የነበረው ሁለት ቱቦ አንዱ በአንዱ ላይ የተደረበበት የወፍ ጠመንጃ ነው። የቀረውን ቫል ጨርሶ በ1931 ገበያ ላይ ዋለ፤ በ12 ጌጅ።