አል-ኸዋሪዝሚ፦ ከውርስ ክፍፍል ጋር የተወለደው አልጀብራ

አስተማሪ በነበርኩበት ጊዜ ተማሪዎቼን ደጋግሜ የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ ነበረኝ። አንድ ሰው ከገንዘቡ 2.5 በመቶ ዘካ አውጥቶ ሲጨርስ 39,000 ብር ቀረው፤ ዘካውን ከማውጣቱ በፊት ስንት ነበረው? አብዛኞቹ የ39,000ን 2.5 በመቶ ያሰሉና 975 ያገኛሉ፤ እሱን ደምረው 39,975 ብለው ይመልሳሉ። ማባዛቱም መደመሩም ልክ ነው፤ መልሱ ግን ስህተት ነው። ዘካው የወጣው ከመጀመሪያው ገንዘብ ላይ እንጂ ከቀረው ላይ አይደለምና። ለብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጁ ልጆች በመቶኛ ጥያቄዎች የሚወድቁት ስሌት ስለማይችሉ ይመስላቸዋል። እኔ እንዳየሁት ግን ችግራቸው መቶኛው የምን መቶኛ እንደሆነ ሳይለዩ ወደ ስሌት መሮጣቸው ነው።

ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄዎች ሥርዓት ያበጀላቸው ሰው ሙሐመድ ኢብኑ ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ነው፤ አላህ ይዘንለት። የተወለደው በ780 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ገደማ እንደሆነ ይገመታል። መጠሪያው ኸዋሪዝምን ያመለክታል፤ ዛሬ በኡዝቤኪስታንና በቱርክሜኒስታን መካከል የተከፈለው አካባቢ ማለት ነው። ስለ ልጅነቱና ስለ ቤተሰቡ የተጻፈ ነገር እምብዛም የለም። ታሪኩ የሚጀምረው ባግዳድ ላይ፣ ከ813 እስከ 833 በነገሠው በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን፣ በጥበብ ቤት (በይቱል ሒክማ) ውስጥ ከሠሩት ሊቃውንት አንዱ ሆኖ ነው።

እዚያ የሠራው ሥራ ሰፊ ነው። የከዋክብትን እንቅስቃሴ የሚያሰላ ሰንጠረዥ አዘጋጅቷል፤ ወደ 2,400 የሚሆኑ ቦታዎችን ከነኬክሮሳቸውና ኬንትሮሳቸው የሚዘረዝር የመልክዓ ምድር መጽሐፍ ጽፏል። ዜሮን ጨምሮ የሕንድን ቁጥሮች አጠቃቀም የሚያስተምር መጽሐፉ ደግሞ በላቲን ተተርጉሞ አውሮፓን አዳርሷል። ዛሬ አልጎሪዝም የምንለው ቃል የስሙ የላቲን አጠራር ነው።

ስሙን ከሁሉ በላይ ያስጠራው ግን ስለ አል-ጀብርና አል-ሙቃበላ የጻፈው መጽሐፍ ነው። በመግቢያው አላህን አመስግኖ በነቢዩ ላይ ሶለዋት ካወረደ በኋላ መጽሐፉን ያዘጋጀው ሰዎች በውርስ፣ በኑዛዜ፣ በክፍፍል፣ በክርክር፣ በንግድ፣ በመሬት ልኬትና በቦይ ቁፋሮ ለሚገጥማቸው ስሌት መሆኑን ይገልጻል። አል-ጀብር የተሰበረን መጠገን ነው፤ የወጌሻም ሥራ በዐረብኛ በዚሁ ቃል ይጠራል። በሒሳቡ የተቀነሰውን መልሶ ሙሉ ማድረግ ማለት ነው። አል-ሙቃበላ ደግሞ በሁለቱም ወገን ያለውን ተመሳሳይ ነገር አቻችሎ ማንሳት ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ኤክስ የለም፣ የመደመር ምልክት የለም፣ ቁጥሮቹ እንኳ በፊደል ነው የተጻፉት። ከዳር እስከ ዳር የቃላት ጥያቄ ነው ማለት ይቻላል። በወር 10 ድርሃም የሚከፈለው ሠራተኛ ለ6 ቀን ስንት ይገባዋል ብሎ ይጠይቃል። 6 ቀን የ30 ቀን አንድ አምስተኛ ነውና 2 ድርሃም ይሆናል። እኛ 20 በመቶ የምንለው ይህንኑ ነው።

የመጽሐፉ ግማሽ ያህሉ ግን የኑዛዜና የሚራስ ጥያቄ ነው። ከእነዚህ አንዱን ላንሳ። አንድ ሰው ሁለት ወንዶች ልጆች ትቶ ሞተ። የገንዘቡን ሲሶ ወራሽ ላልሆነ ሰው ተናዟል። የተገኘው ጥሬ ገንዘብ 10 ድርሃም ነው፤ ሌላ 10 ድርሃም ደግሞ ከልጆቹ አንዱ ላይ ያለ ዕዳ ነው። እንዴት ይካፈሉ? ዕዳውን ትተን 10ሩን ለሦስት ብናካፍል ባለዕዳው ልጅ ሳይከፍል ጥሬ ገንዘብ ይወስዳል፤ ሌሎቹ ይበደላሉ። ዕዳውን ሙሉ ቆጥረን 20 ድርሃም ነው ብንል ለሁለቱ ለእያንዳንዳቸው 6 ከሁለት ሦስተኛ ይደርሳቸዋል፤ በእጅ ያለው 10 ግን ይህን አይበቃም።

አል-ኸዋሪዝሚ ለማስላት አልቸኮለም። ከዕዳው ላይ የባለዕዳው ድርሻ ሆኖ የሚታሰብለትን፣ ገና ያልታወቀውን መጠን፣ ሸይእ ብሎ ሰየመው፤ ነገር ማለት ነው። እንግዲህ የሚከፋፈለው 10 እና ነገር ነው። ሲሶው ለተናዘዘለት ሲወጣ 6 ከሁለት ሦስተኛ እና የነገር ሁለት ሦስተኛ ይቀራል። ለሁለት ሲከፈል ለእያንዳንዱ ልጅ 3 ከአንድ ሦስተኛ እና የነገር ሲሶ ይደርሰዋል። የባለዕዳው ድርሻ ደግሞ ራሱ ነገር ነው። ከሁለቱም ወገን የነገር ሲሶ ሲነሳ የነገር ሁለት ሦስተኛ 3 ከአንድ ሦስተኛ ሆነ፤ ነገር 5 ነው። ለተናዘዘለት 5፣ ለአንደኛው ልጅ 5፤ ባለዕዳው ደግሞ ከዕዳው 5 ይታሰብለታል። ያለው ጥሬ ገንዘብ በትክክል በቃ።

የዘካውም ጥያቄ እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ገንዘብ ነገር ይባል። ፉቀሃዎች የአስረኛው ሩብ የሚሉት፣ ማለትም ከ40 እጅ አንዱ፣ ሲወጣ 39 እጅ ይቀራል፤ ይህም 39,000 ነው። አንዱ እጅ 1,000፣ ነገሩ 40,000 ብር ሆነ። ተማሪዎቼ ያልታወቀውን ስም እንዲሰጡት ካስገደድኳቸው በኋላ 39,975 የሚለው መልስ ከደብተራቸው እየጠፋ ሄደ።

አል-ኸዋሪዝሚ በ850 ገደማ እንደሞተ ይገመታል። መጽሐፉ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በስፔን ምድር ወደ ላቲን ተተረጎመ፤ የቼስተሩ ሮበርት በ1145፣ ከዚያም የክሬሞናው ጄራርድ ተርጉመውታል። ሁለቱም የሚራሱን ክፍል ትተውታል፤ ለላቲን አንባቢ የሸሪዓ ውርስ ምኑም አልነበረም። አውሮፓ አልጀብራን የተማረችው እንግዲህ ያለ ባለዕዳው ልጅ ነው። የሚራሱ ክፍል በእንግሊዝኛ ትርጉም ለንደን ላይ የታተመው በ1831 ነበር።